አለቃህ አልሰደበህም

የተላከልኝ ጥያቄ ሲያጥር እንዲህ ነው፦ «ወደ አሜሪካ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ መጋዘን እሠራለሁ። አገር ቤት በእንግሊዝኛ የምታማ ሰው አልነበርኩም፤ እዚህ ግን ሥራ ላይ ከምሰማው ግማሹ ስድብ ይመስለኛል። የሰማኋቸውን ዘርዝሬ ጽፌልዎታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሉ ተጎታች ብቻዬን አራግፌ ስጨርስ አለቃዬ ትከሻዬን መታ አድርጎ ‹ዩ አር ዘ ሺት› አለኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ደሜ ፈላ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አላናገርኩትም። እንዲህ ያሉ ቃላትን መልመድ አለብኝ? እኔም ብናገራቸው ነውር ነው? ደግሞ የሰባት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ‹ዛት ሰክስ› የሚል አነጋገር ይዛ መጥታለች። ልቆጣት ወይስ ልለፋት?»

ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ስትገባ አለቃህን ቀድመህ ሰላም በለው። ያኮረፍከው ያሞገሰህን ሰውዬ ነው።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው፤ ፍርድ ቤትና ሆስፒታል እውላለሁ። በዚህ ሙያ ጨዋውን ቃል አንሥቶ ባለጌውን መተው የለም፤ ሰው የተናገረውን ሁሉ ማሻገር ግዴታ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አብዛኞቹን ቃላት እንዳሉ እጽፋለሁ። የሚጎረብጠው አንባቢ ካለ አስቀድሜ ይቅርታ እላለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዷቸው።

«ዩ አር ሺት» ማለት «የማትረባ ነህ፣ እዳሪ ነህ» ነው። «ዩ አር ዘ ሺት» ግን «አንተን የሚያክል የለም» ነው። ልዩነቱ ያቺ «ዘ» ናት። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ እንግሊዝኛ ስንናገር ቀድመን የምንጥላት እሷን ነው። በቋንቋችን ለብቻዋ ቆማ አናውቃትም፤ «ቤቱ»፣ «ሰውዬው» እያልን ቃሉ ጭራ ላይ ነው የምንሰፋት። አሁን አስበው፤ ሙገሳውን ልትመልስለት ብለህ፣ እንደለመድከው «ዘ»ን ውጠህ ብትናገር አለቃህን ምን ልትለው እንደነበር። ይህችን ሙገሳ ተቀበል እንጂ አትመልስ።

መጥፎ ቃል ተገልብጦ ሙገሳ መሆኑ እንግዳ አይምሰልህ። «ጉድህ ወጣ» ስንል ሰውዬው ተዋርዷል፤ «የጉድ ተጫወተ» ስንል ደግሞ ኳሱ አምሯል። ሒሳብ የሚችለውን ልጅ «ጂኒ ነው» የምንለው አጋንንት ስላደረበት አይደለም። አለቃህ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ከላክልኝ ዝርዝር ውስጥ ግን ስድብም ብልግናም ያልሆኑ አሉ፤ እነሱን አስቀድሜ ላውጣልህ። «ጎና» (ጎይንግ ቱ)፣ «ዋና» (ዋንት ቱ)፣ «ጋታ» (ጋት ቱ) የተፈጩ ቃላት ናቸው፤ እኛ «ምን አለ» ለማለት «ምናለ» እንደምንለው። «ዱድ»፣ «ብሮ»፣ «ማይ ባድ» (ጥፋቱ የኔ ነው) የጓደኛ ወሬ ናቸው፤ ሥራ ማመልከቻ ላይ አይጻፉም፣ ማንንም ግን አያስቀይሙም። «ኤይንት» («አይደለም» ለማለት) መምህራን የሚጠሏት፣ ሕዝቡ የማይተዋት ቃል ናት። እነዚህን ሳትፈራ ልመዳቸው። ጣጣው ያለው የቀሩት ላይ ነው።

«ሺት»ን እንጨርሳት። «ሆሊ ሺት» ድንጋጤ ወይም መደነቅ ነው፤ «ወይ ጉድ!» በለው። «ኖ ሺት» በጥያቄ ድምፅ ከመጣ «እውነትህን ነው?»፣ ደረቅ ብሎ ከመጣ «ይህን ማን አጣው?» የሚል ፌዝ ነው። «ማይ ሺት» ዕቃዬ፣ ጓዜ ነው፤ የሥራ ባልደረባህ «ዶንት ተች ማይ ሺት» ካለህ የምሳ ዕቃውን እንዳትነካበት ነው የፈለገው። «ጌት ዮር ሺት ቱጌዘር» ራስህን ሰብስብ። «አይ ዶንት ጊቭ ኤ ሺት» ደንታ የለኝም። «ቡልሺት» ደግሞ ቅጥፈት ነው፤ በአፈጣጠሩ የኮርማ እበት ቢሆንም እዚያ ቃል ውስጥ ማንም በሬ አይታየውም።

«አስ» ይበልጥ ትገርማለች። የአገራችን ሰው የመጽሐፍ ቅዱስ እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ አህያ መሆኗን ያውቃል፤ በ1611 በታተመው የኪንግ ጀምስ ትርጉም ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በ«አስ» ተቀምጦ ነው። ሌላዋ ቃል፣ ቂጥ የሚባለው፣ እንግሊዞች ዘንድ እስከ ዛሬ «አርስ» ናት። አሜሪካ ውስጥ «ር»ዋ ወደቀችና ሁለቱ ቃላት አንድ ሆኑ። ጨዋው ሰው አህያውን በስሙ መጥራት ማፈሩም «ዶንኪ» የሚለው ቃል እንዲነግሥ ከረዱት ነገሮች አንዱ ነው።

አሁን መጋዘንህ ውስጥ ያለችው «አስ» ግን አህያም ቂጥም አይደለችም። «ኢትስ ኤ ቢግ አስ ትራክ» ሲሉህ «ይህ መኪና አይደለም፣ ተራራ ነው» እያሉህ ነው፤ «አስ» እዚያ የገባችው «በጣም» ለማለት ነው። «ዘይ ፋየርድ ማይ አስ» ማለት «አባረሩኝ»፣ «ጌት ዮር አስ ኦቨር ሂር» ማለት «ና ወደዚህ» ነው። እዚህ ላይ «ማይ አስ» እና «ዮር አስ» የ«እኔ»ን እና የ«አንተ»ን ቦታ ይዘዋል። እኛ «ራሴን»፣ «ራስህን» ስንል ሰውን ሙሉውን በአናቱ ነው የምንጠራው። የመንገድ እንግሊዝኛ ያንኑ ሥራ ከሌላኛው ጫፍ ጀመረው።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በውርደት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በአንድ የጎረቤት ጠብ ጉዳይ በዕድሜ የገፉ እናት ቀረቡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጠበቃቸው ጎረቤትየው ተናገረ የተባለውን ከወረቀት አነበበ፤ «ሙቭ ዮር አስ»። «እንዲህ ብሎዎታል?» አለ። እኔ ያንን እንዴት አድርጌ ለእናቴ እኩያ ልንገር? ጎንበስ ብዬ «‹ከዚህ ይነሡ› ብሎዎታል ወይ?» አልኳቸው። እሳቸውም «አዎ ብሎኛል፤ ምን ክፋት አለው ታዲያ» አሉ። ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። ጠበቃው ፊቱ ጠቆረ። ዳኛዋ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። የእናትየው አቤቱታ በእኔ ጨዋነት ገደል ሊገባ ነው።

እጄን አነሣሁ። በሙያችን ደንብ አስተርጓሚ ስለ ራሱ ሲናገር «እኔ» አይልም፤ «አስተርጓሚው ትርጉሙን ማረም ይፈልጋል» አልኩ። ከዚያ ላቤ እየወረደ «‹ቂጥሽን አንሺ› ብሎሻል ወይ?» አልኳቸው። እናትየው ጠበቃውን ረስተው እኔን አዩኝ። «አንተ! ለእኔ ነው እንዲህ የምትለው?» ያስቆጣቸው ቃሉ ብቻ አልነበረም። «ብሎሻል» ማለቴም ጭምር ነው። «እርስዎ» ስትወርድ «ቂጥ» ከመምጣቱ በፊት ስድቡ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ነው ላካፍልህ የምፈልገው። አማርኛ ሰውን የሚያቀርብበትም የሚያርቅበትም መሰላል አለው፤ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ»። አንተ እኔን «እርስዎ» ብለህ ጻፍክልኝ፤ እኔ «አንተ» እያልኩ እመልሳለሁ፤ ሁለታችንም ማንም አላዘዘን። እንግሊዝኛም ድሮ «ዛው» (አንተ) እና «ዩ» (እርስዎ) የሚሉ ሁለት ደረጃዎች ነበሩት፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ዛው» ከተራው ሕዝብ አፍ እየጠፋች ሄደችና ዛሬ ለዳኛም ለውሻም «ዩ» ብቻ ነው። ታዲያ ሰው መቀራረቡን በምን ያሳይ? ከሚያሳይባቸው መንገዶች አንዱ እነዚህ ባለጌ ቃላት ናቸው። አለቃህ «ዩ አር ዘ ሺት» ሲልህ ከሙገሳው በላይ አንድ ነገር አድርጓል፤ «አንተ» ብሎሃል። ከእንግድነት አውጥቶ ወደ ቤተኛነት አስገብቶሃል።

«እኔስ ልጠቀም?» ላልከው ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። እኛ ዘንድ አንቱታን ማን እንደሚያነሣ ታውቃለህ። ታላቁ «አንተ በለኝ» እስኪል ታናሹ ይጠብቃል። እዚህም አለቃህ፣ ነባር ሠራተኛው፣ ባለ ቤቱ ይጀምራል፤ አዲስ ገቢው ይከተላል እንጂ አይቀድምም፣ ሲከተልም አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው። እሱ «ሺት» ካለ አንተ «ክራፕ» ወይም «ዳም» ብትል ቤተኛ ነህ። እሱ ሳይጀምር አንተ ብትጀምር ግን ገና በር ላይ ቆሞ የቤቱን እመቤት «አንቺ» እንዳለ እንግዳ ነው የምትታየው።

በ«ኤፍ» ፊደል የምትጀምረዋን፣ የሩካቤ ስም የሆነችውን ባለጌ ቃል አውቀህ ከዝርዝርህ እንደዘለልካት አይቻለሁ። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም ዘሏት ነበር፤ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1972 በወጣው ተጨማሪ ቅጽ ነው ያስገባት። ቲክቶክ ላይ «የንጉሥ ፈቃድ» ምናምን የሚሉ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ተገጣጥመው የወጣች ናት የሚል ወሬ ትሰማለህ፤ ተረት ነው። በኔዘርላንድና በስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ዘመድ ያላት ያረጀች ቃል ናት።

እኔን ከታሪኳ ይልቅ ሰዋስዋ ነው የሚማርከኝ። ቃል መሃል ትገባለች። «አብሶሉትሊ» የሚለውን ሰንጥቀው «አብሶ» ብለው እሷን ይወትፉና «ሉትሊ» ይሉታል። የትም ግን አትገባም፤ ድምፅ ከሚጠብቅበት ክፍለ ቃል ፊት ብቻ ነው። «ፋን» ካሉ በኋላ አስገብተው «ታስቲክ» ይላሉ፤ «ፋንታስ» ብሎ የሚያስገባ እንግሊዛዊ አታገኝም። ጆን ማካርቲ የሚባል የቋንቋ ሊቅ በ1982 ይህንን ሥርዓት የሚያስረዳ ጥናት ጽፏል። የሚገርመው ማንም ለማንም አስተምሮት አያውቅም፤ እኛ «ሰበረ»ን መሃሉን ደግመን «ሰባበረ» እንደምናደርገው ሁሉ ከጡት ጋር የተጠባ ነው። አንተ ግን አትሞክረው። ቦታውን ከሳትክ ብልግናውም አይሠራልህ፣ ሳቁም በአንተ ላይ ነው።

ስትሰማት ደግሞ ጅራቷን ተከተል። «ኦፍ» ከተከተላት «ጥፋ ከዚህ» ነው። «አፕ» ከሆነ ሥራ ተበላሽቷል፤ «አይ ኤፍድ አፕ» የሚል ሰው ስህተቱን እያመነ ነውና አዝንለት። «ዊዝ» ከሆነ እየቀለደብህ ወይም እየተነኮሰህ ነው። ከዕቃ ስም በፊት ስትመጣ፣ ያ የተረገመ ፎርክሊፍት ሲቆም፣ ንዴቱ ከፎርክሊፍቱ ጋር ነው፤ አንተን አይመለከትም።

ሐበሻ ሳያውቅ የሚሳሳትበት ሌላ ቦታ አለ። ለእኛ የፈጣሪን ስም መጥራት አምልኮ ነው፤ ብርጭቆ ሲወድቅ «በስመ አብ!»፣ ሲከፋን «እግዚኦ!»፣ ስንደነግጥ «ማርያም ማርያም!» እንላለን። በእንግሊዝኛ በንዴት «ጂሰስ ክራይስት!» ማለት ግን ጸሎት አይደለም፣ ስድብ ነው። ጥንት እንዲያውም ከሁሉ የከፋው ብልግና እንዲህ ያለው ነበር። በ1606 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ መድረክ ላይ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ የሚጠራን ተዋናይ 10 ፓውንድ ያስቀጣ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ሰዉም ቃሉን እያጣመመ ማምለጥ ለመደ። «ጋሽ» የ«ጋድ» ምትክ ናት፣ «ጂዝ» የ«ጂሰስ»፣ «ሄክ» የ«ሄል»፣ «ዳርን» የ«ዳም»። በዚሁ መንገድ «ሹት» የ«ሺት»፣ «ፍሪኪን» የ«ኤፍ»ዋ መሸፈኛ ሆነዋል። ቀኑን ሙሉ «ኦ ማይ ጋድ» ስትል ቤተ ክርስቲያን አዘውትራ የምትሄድ ባልደረባህ ፊቷን ብታጠቁር ምክንያቱ ይህ ነው። «ኦ ማይ ጋሽ» በላት፤ ከእሷም ከፈጣሪም ጋር ሰላም ነህ። (ለታላቅ ከምንሰጠው ማዕረግ ጋር መገጣጠሙ ሁሌም ያስቀኛል።)

ለንደን ያለ ዘመድ ካለህ መዝገቡ ይለወጣል። «ፒስድ» አንተ ጋ የተናደደ፣ እሱ ጋ የሰከረ ነው። ወገብ ላይ የምትታሰረውን ቦርሳ አሜሪካኖች «ፋኒ ፓክ» ይሏታል፤ እንግሊዝ አገር ግን «ፋኒ» የሴት ብልት ስለሆነ ያቺው ቦርሳ «በም ባግ» ናት። «ብለዲ» («የተረገመ» እንደማለት) የምትባለዋ ቃል በ1914 ለንደን መድረክ ላይ፣ በበርናርድ ሾው ተውኔት «ፒግማሊየን»፣ ስትነገር ከተማው ለቀናት ሌላ ወሬ አልነበረውም። ዛሬ አያቶች ሻይ እየጠጡ ይሏታል።

አሁን ወደ ማልቀልድበት ልምጣ። እስካሁን ያወራሁት ዕቃን፣ ሥራን፣ ዕድልን ስለሚራገሙ ቃላት ነው። ሰውን በዘሩ፣ በጾታው፣ በሃይማኖቱ፣ በአካል ጉዳቱ የሚመቱ ቃላት ሌላ ጎራ ናቸው፤ «ቤተኛ ነኝ» አያድንም። በዘፈን በየደቂቃው የምትሰማት፣ በ«ኤን» ፊደል የምትጀምረው የጥቁሮች መሰደቢያ ቃል አንዷ ናት። ልጆቻችን «እኛም ጥቁር ነን» ብለው ይሟገቱኛል። እኔ ዕድሜ ልኬን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣኋትም፣ አንተም አታውጣት። ያቺ ቃል ባርነትን ተሸክማ የመጣች ናት፤ ጥቁር አሜሪካውያን እርስ በርሳቸው የሚያደርጉባት ነገር የራሳቸው የቤት ጉዳይ ነው፣ ከእነሱም ውስጥ የማይወዷት ብዙ ናቸው። «ቢች»ም እንደዚያው። የተበላሸ ብሎን «ሳን ኦፍ ኤ ቢች» ቢባል ብሎኑ አይከስስም፤ ሴት ባልደረባህን «ቢች» ካልክ ግን ጉዳዩ የሰው ኃይል ቢሮ ይገባል። የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ በሥራ ቦታ በዘርና በጾታ ሰውን ማንቋሸሽን ከመድልዎ ይቆጥረዋል፤ ሲደጋገም ወይም ሲከፋ ፍርድ ቤት ያደርሳል። እዚያ ስትደርስ «ትርጉሙን አላውቅም ነበር» የሚል ሰው አስተርጉሜ አውቃለሁ። አልጠቀመውም።

ይህን ያህል የማስጠነቅቅህ ስለማላምንህ አይደለም። የባዕድ ቋንቋ ስድብ አፍ ላይ አያቃጥልም። አማርኛውን ስትናገር ጆሮህ ይግላል፤ የእናትህ ፊት ይመጣብሃል። እንግሊዝኛው ግን ባዶ ድምፅ ነው። ዣን ማርክ ዲዌል የሚባል ተመራማሪ በ2004 ባሳተመው ጥናት ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቆ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ስድብ ከሁሉ የሚከብደው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። አፉ የደነዘዘ ሰው ወጥ ላይ ሚጥሚጣ ቢነሰንስ ምን ያህል እንደጨመረ የሚያውቁት የሚበሉት ብቻ ናቸው። አንተ ያ ሰው ነህ፤ እኔም ከስንት ዓመት በኋላ ነኝ።

ሕመምን ለመቻል ግን ስድብ እንደሚረዳ በኪል ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ስቲቨንስና ባልደረቦቹ በ2009 አሳይተዋል፤ እጃቸውን በረዶ ውኃ ውስጥ የነከሩ ተማሪዎች ሲሳደቡ ረዘም ላለ ጊዜ ቻሉት። ሣጥን እግርህ ላይ ቢወድቅ በአማርኛ ተሳደብ። ለሕመሙ ይሻላል፣ መጋዘኑ ውስጥም የሚሰማህ የለም፤ ሐበሻ ከሌለ።

የልጅህ ነገር ቀላሉ ነው። «ዛት ሰክስ» ከአንድ ትውልድ በፊት በትልልቆች ጆሮ የምትሻክር ቃል ነበረች፤ ዛሬ ተዳክማ የሕፃን ቃል ሆናለች። «አይ፣ ያሳዝናል፤ ዕድል የለንም» ማለት ነው፤ ዝናብ ጥሎ ሜዳ አትወጡም ሲባሉ የምትባል። የማይወዷት መምህራን ግን አሉ፤ ስለዚህ አትቆጣት፣ ለመምህሯና ለትልቅ ሰው «ዛትስ ቱ ባድ» እንድትል ብቻ ንገራት። አገር ቤት ያሉት አያቷ በስልክ ሰምተው «ምን አለች?» ቢሉህ፣ «‹ያሳዝናል› ነው ያለችው» በላቸው። መደበቅ እንዳይመስልህ፤ ዳኛ ፊት ብቆምም እንደዚያው ነው የምተረጉመው።